ቀይ ክር

አባቴ ሰኞ ገበያ የእህል ሚዛን ያዥ ነበር፤
ሚዛኑ እስኪረጋ ጣቱን ሽቅብ ያነሣል፣ "አልነካሁም" ሊል ለአገር።
በልቡ ነጭ ጋዋን ሰፍቶ፣ በልኬ አስቆርጦ፣
"ዶክተር ዘይነባ" ሲለኝ ኖረ፣ በሰው ፊት ቀብጦ።
ወደ መጽሐፍ መደርደሪያ ሲታጠፍ ግን መንገዴ፣
"የመጽሐፍ ዘበኛ? ለዚህ ነው የተማረችው እንዴ?"
አለና ዝም አለ።
ሦስት ክረምት አለፈ በዝምታው ላይ፤
ስለ ሥራዬ አንድም ቀን አልጠየቀ።

ደሴ ላይ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ወርዶ፣
ሆስፒታሉን ይውጠዋል፣ ከበሩ እስከ ማዋለጃው ጋርዶ።
እኔ በዚያ ጉም ውስጥ ቁልፌን ዳብሼ፣
ኔትወርክ ሳይጨናነቅ በማለዳ ደርሼ፣
አዲስ የወጣውን መመሪያ፣ የተሻሻለውን የመድኃኒት ልክ፣
አንድ ፊቱ በተጻፈ ወረቀት ጀርባ አትማለሁ፣ ማሽኑ እስኪያለከልክ።

አንዳንድ ቀን ማንም አይመጣ። ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ የገባ ተማሪ
የአናቶሚው ጥራዝ ላይ ተደፍቶ ያንኮራፋል።
አንዳንድ ቀን ከኩታበር አንዲት አዋላጅ ነርስ ትደውላለች፣
ድምፅዋ እየተቆራረጠ "ገጹን... ቶሎ... አንብቢልኝ" ትላለች።
አነብላታለሁ። መስመሩ ይጠፋል።
ያቺ ወላድ ተርፋ ይሆን? መልሶ የሚነግረኝ የለም።
ጥያቄው እኔ ጋ ይቀራል፤ መልሱ ከአልጋው አጠገብ።

በካርቶን ሙሉ መጽሐፍ በዕርዳታ ይመጣል ከባሕር ማዶ፤
ሽፋኑ ያብረቀርቃል፣ የውስጡ ጊዜ ግን ሄዶ።
ያረጀ ልብስ ይጣፋል፣ ያረጀ ቤት ይታደሳል፤
ያረጀ የመድኃኒት ልክ ግን ሰው ይዞ ይፈርሳል።
ስለዚህ ከእመት ሽታዬ ሱቅ ቀይ የስፌት ክር ገዛሁ፤
ጊዜው ያለፈበትን ሁሉ በጀርባው ጠምጥሜ አሰርሁ።
"አንብበኝ፣ ግን አትመነኝ" ማለት ነው፣ ክሩ ሲተረጎም።
ተማሪ ይስቃል፦ "ለቡዳ ነው? ለዛር ነው?"
ነርስ አስረበብ ብቻ አልሳቀም፤ "ክታብ ነው" አለ።
እውነቱን ነው። በወሎ ጽሑፍ ድሮም መድኃኒት ነው፤
ሼሁም ደብተራውም ያውቁታል።
እኔ የጨመርሁት ጥያቄ ብቻ ነው፦
መቼ ተጻፈ? ማን መረመረው?

ሐምሌ ሲጋመስ አባቴ፣ እግሩ አብጦ፣ ትንፋሹ አጥሮ፣
አልጋ ሰባት ተኛ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።
በማግስቱ ዶክተር ኢዮስያስ፣ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ፣
ደረጃውን እየሮጠ ወጣ፤ ጫማው ጭቃ፣ እርጥብ ጠጉሩ።
"ኩላሊቱ የደከመ ሽማግሌ አለኝ፣ ሰባት ቁጥር፤
ስንት ልስጠው?" እያለ መጽሐፉን ስቦ ገለጠ፣ ጣቱ ከመስመሩ ሥር።
"ክሩን አላየኸውም?" አልሁት።
ክሩ በጣቶቹ መሐል ተንጠልጥሏል።

አባቴ ነው ልል ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ደረሰ።
ግን አንድ ቃሉ ትዝ አለኝ፣ ከእህል አቧራ ጋር የነፈሰ፦
"ሚዛን ዘመድ አያውቅም።"
ዋጥሁት። የማለዳውን ወረቀት ከማኅደሩ አውጥቼ ሰጠሁት፤
ልኩ የቀድሞው ግማሽ ነበር። ሁለት ጊዜ አስነበብሁት።

ሳምንት ቆይቶ እብጠቱ ሸሸ። አባቴ ትራስ ተደግፎ
"ያ ልጅ ሐኪም ነው!" አለ። "የወለዱት ምንኛ ታደሉ!"
"ጎበዝ ነው" አልሁ። የአጥሚቱን ብርጭቆ አቀበልሁት።
ፉት አለና፣ አሰበና፣ ከሦስት ክረምት በኋላ
"አንቺስ ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?" አለኝ።
"ስመዝን" አልሁት።

አየኝ። ብዙ አየኝ።
ከብርድ ልብሱ ላይ ጣቱን ቀስ ብሎ ሽቅብ አነሣ።